የውጥረት ሆርሞን፣ ግንደ ህዋስና የልጆቻችን ጤና፦ ዕዳው የማን ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘሁት ነገር አይደለም። የገዛ ምላሴ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር። የታላቅ እህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀልደኛና ተጫዋች ናት፣ ድንቡሽቡሽ ስለሆነችም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጉንጯን ሳይቆነጥጥ አያልፍም። አንገቷ ዙሪያ ግን እድፍ የሚመስል ጥቁረት ከወጣባት ሰንብቷል። እህቴ በሳሙና ብትፈትገው፣ በሎሚ ብታሸው አልለቅ ሲላት ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙም «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ሰውነቷ ኢንሱሊንን አልሰማ እያለ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው» አላት። ደሟ ሲመረመር ስኳሯ ገና በሽታ ከሚባለው ደረጃ ባይደርስም ከወትሮው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጉበቷም ላይ ስብ ታየ። በዘጠኝ ዓመቷ!

ያን ዕለት ማታ ቡና ተፈልቶ ቁጭ እንዳልን አያታችን «ድንጋጤው ነው፤ ያኔ በሆዷ ሳለች የደነገጠችው ድንጋጤ ነው» አሉ። እህቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አባታችን ዐርፎ ነበር። በአገራችን ወግ ለነፍሰ ጡር መርዶ በድንገት አይነገርም። የሆነ ሰው ግን እንደምታውቅ መስሎት ስልክ ደወለና «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ እስክትወልድ ድረስ እህል በቅጡ አልበላችም፣ እንቅልፍም አልነበራትም። ልጅቷ ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበረች።

እኔ ደግሞ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ አይደለሁ! ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ «እትዬ፣ እማማ እኮ እውነታቸውን ነው። ኮርቲሶል የሚባል የውጥረት ሆርሞን አለ፣ እናት ስትጨነቅ ወደ ፅንሱ አልፎ...» ብዬ ጀመርኩ። ሲኒውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና፦

«ታዲያ እኔ ነኛ ያሳመምኳት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም» ብል ምን ዋጋ አለው? ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም። እሷም ሁለተኛውን ቡና ሳትጠጣ ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። የተናገርኩት ነገር ሳይንስ ነበር ወይስ የሳይንስ ልብስ የለበሰ ሐሜት?

ዛሬ የደረስኩበት አቋም ባጭሩ ይህ ነው። አያታችን ያሉት ነገር ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ እንደምንስቅበት ተረት አይደለም፤ የውጥረት ሆርሞን የፅንሱን ህዋሶች ዕድል ሊቀይር እንደሚችል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለ። ነገር ግን ይህን ዕውቀት አንዲትን እናት ለመክሰስ የምናውል ከሆነ ሳይንሱንም አልገባንም፣ ሰውነታችንንም ጥለናል። ዕውቀቱ የተሰጠን ነፍሰ ጡርን እንድንጠብቅ እንጂ እንድንፈርድባት አይደለም። እስቲ ከሆርሞኑ እንጀምር።

ሆርሞኑ ጠላት ነው እንዴ?

ውጥረት ሲባል ብዙ ሰው የሐሳብ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሃንስ ሰልዬ የተባለው ተመራማሪ አይጦችን ለብርድ፣ ለቁስል፣ ለመርዝና ከአቅም በላይ ለሆነ እንቅስቃሴ አጋልጦ የሰውነታቸው ምላሽ በሁሉም ሁኔታ ተመሳሳይ መሆኑን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ። ከምልክቶቹ አንዱ ከኩላሊት በላይ የሚገኘው የአድሬናል ዕጢ ማበጥ ነበር። በፊዚዮሎጂ ኮርሳችን የተማርነው ሰንሰለት ይኸው ነው፦ ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን ያዛል፣ ፒቱታሪ አድሬናልን ያዛል፣ አድሬናል ደግሞ ኮርቲሶል ያመነጫል። ኮርቲሶል ጉበት ስኳር እንዲያመርት፣ ጡንቻም ለጊዜው ስኳር እንዳያባክን ያደርጋል። ለሚሮጥ ሰው፣ ለሚጾም ሰው፣ ለታመመ ሰው ያስፈልጋል። ያለ ኮርቲሶል መኖር አይቻልም።

ፅንስም ያስፈልገዋል። ሳንባው ከመወለዱ በፊት ለአየር የሚዘጋጀው በዚሁ ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለደረሱ እናቶች ቤታሜታዞን የተባለውን የኮርቲሶል ዘመድ መድኃኒት ሰጥተው የጨቅላዎቹ የመተንፈስ ችግር መቀነሱን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ደግሞ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ዴክሳሜታዞን የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን ሞት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሐኪም ያዘዘውን መርፌ የምትፈሩ እንዳትኖሩ አደራ።

ችግሩ መጠኑና ጊዜው ላይ ነው። በእርግዝና ጊዜ በእናትየዋ ደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ፅንሱ ደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለምን ሁሉም ወደ ፅንሱ አያልፍም? እንግዴ ልጁ ውስጥ ዘበኛ ስላለ ነው። ዘበኛው 11-ቤታ-ኤችኤስዲ-2 የሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ ኮርቲሶሉን ሥራ ወደማይሠራው ኮርቲዞን እየለወጠ ያሳልፈዋል። ታዲያ ዘበኛም ይደክማል። በአይጦች ላይ እንደታየው እናቲቱ በቂ ፕሮቲን ሳታገኝ ስትቀር የዚህ ኢንዛይም ሥራ ይቀንሳል። ረሃብና ጭንቀት አንድ ላይ ሲመጡ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ ዘበኛው ደግሞ ይዳከማል ማለት ነው። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶች ዘበኛውን አልፈው እንዲገቡ የሚያስችላቸውም ኢንዛይሙ በደንብ ስለማይይዛቸው ነው።

ግንደ ህዋስ መንታ መንገድ ላይ

እዚህ ላይ ነው እኛ ሁለት ቦታ ከፍለን የምንማረው ነገር አንድ የሚሆነው። ሆርሞንን በፊዚዮሎጂ፣ ግንደ ህዋስን በሥነ-ዕድገት ኮርስ እንማራለን። በአንድ ፈተና ላይ ሁለቱ ተገናኝተው አይቼ አላውቅም። በፅንሱ ውስጥ ግን ግድግዳ የለም።

ሜሰንካይማል የሚባሉት ግንደ ህዋሶች ገና ዕጣቸው ያልወጣ ናቸው። ከእነሱ የአጥንት ህዋስ፣ የልምአጥንት ህዋስ ወይም የስብ ህዋስ ሊወጣ ይችላል። ከአንድ ሊጥ ቂጣም ዳቦም እንደሚወጣው ማለት ነው። ወደ ስብ የሚወስደውን መንገድ የሚመራው ፒፓር-ጋማ የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህ ፕሮቲን ብቻውን የስብ ህዋስ ያልሆነን ህዋስ ወደ ስብ ህዋስ መለወጥ እንደሚችል ታይቷል። ወደ አጥንት የሚወስደው ደግሞ ረንክስ-2 ነው። አንዱ ሲበረታ ሌላው ይዳከማል።

ታዲያ የውጥረት ሆርሞን እዚህ ምን አገባው? በቤተ-ሙከራ የስብ ህዋስ ማሳደግ የሚፈልግ ተመራማሪ ምን እንደሚጠቀም ብታዩ ይገርማችኋል። በሳህን ላይ ላሉት ለጋ ህዋሶች ኢንሱሊን፣ አይቢኤምኤክስ የተባለ ኬሚካልና ዴክሳሜታዞን ይጨምርላቸዋል። ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ህዋሶቹ በዘይት ጠብታ ተሞልተው ይታያሉ። ሰው ሠራሽ የውጥረት ሆርሞን ስብ የሚሠራበት ቅመም ውስጥ አለ ማለት ነው። የሚገርመው ግን አጥንት ለማሳደግ በሚዘጋጀው ቅመም ውስጥም ዴክሳሜታዞን አለ፤ መጠኑ አነስ ይላል፣ አብረውት የሚገቡትም ነገሮች ይለያሉ። ያው ሆርሞን ከማን ጋር፣ ስንት ሆኖና መቼ እንደመጣ ውጤቱን ይለውጠዋል። እንደ ጨው ነው። ወጥ ያለ ጨው አይበላም፣ ጨው የበዛበትም አይበላም።

በሕይወት ባለ ልጅም ይህ ይታያል። ኩሺንግ በተባለው በሽታ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ መጠን ያለው የዚህ ዓይነት መድኃኒት በሚወስድ ልጅ ላይ፣ ፊትና ሆድ ይወፍራል፣ ቁመት ግን ይቆማል፣ አጥንትም ይሳሳል፣ የደም ስኳርም ይጨምራል።

ሌላው ተጎጂ ቆሽት ነው። ኢንሱሊን የሚያመርቱት ቤታ ህዋሶች በአብዛኛው የሚፈጠሩት በፅንስነትና ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በእርግዝና ጊዜ ምግብ የተቀነሰባቸው እናቶች የውጥረት ሆርሞናቸው ይጨምራል፣ የፅንሶቻቸው ቤታ ህዋስ ደግሞ ያንሳል። በሌላ በኩል የስብ ህዋሶቻችን ቁጥርም ቢሆን በአብዛኛው የሚወሰነው በልጅነትና በጉርምስና ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስፖልዲንግና ባልደረቦቿ ከኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየር ላይ የቀረውን ካርቦን 14 እንደ ዕድሜ መለኪያ ተጠቅመው ሲያጠኑ፣ አዋቂ ሰው በየዓመቱ አሥር በመቶ ያህሉን የስብ ህዋሱን እየተካ ቁጥሩ ግን ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ እንደሚኖር አገኙ። ሰው ከስቶም ህዋሶቹ ይጎድላሉ እንጂ አይቀንሱም፤ ባዶ ጎተራ ሆነው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጎተራው ስንት እንደሚሆን የሚወሰነው ልጁ ራሱ ስለ ምግቡ መምረጥ ከመቻሉ በፊት ነው።

በሰው ላይስ?

«የአይጥ ነገር ለሰው ምን ይጠቅማል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰውን ሆን ብሎ አስርቦና አስጨንቆ ማጥናት አይቻልም። ግን ታሪክ ራሱ ያንን ክፉ ሙከራ ሠርቶታል።

እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 የጸደይ ወራት ድረስ የጀርመን ጦር ምግብ እንዳይገባ በመከልከሉ በምዕራብ ሆላንድ የሚኖረው ሕዝብ የቀን ራሽኑ ከአንድ ሺህ ካሎሪ በታች ወርዶ ነበር። በ1976 በታተመ ጥናት ሦስት መቶ ሺህ የሚሆኑ የ19 ዓመት ወንዶች መዝገብ ሲታይ፣ ረሃቡ በእርግዝና የመጀመሪያ አጋማሽ የደረሰባቸው ዘንድ ውፍረት በዝቶ ተገኘ። በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰባቸው ዘንድ ግን አንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በረሃቡ ዘመን የተፀነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ አይጂኤፍ-2 የተባለው የዕድገት ጂናቸው ላይ ያለው የሜታይል ምልክት ከገዛ ወንድም እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ታይቷል። የጂኑ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው። ኤፒጄኔቲክስ የምንለው ይህንን ነው።

ረሃብ ያልነበረበት ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በካናዳ ኩቤክ ክፍለ ሀገር ከባድ የበረዶ ማዕበል የመብራት መስመሮችን ጥሎ ሚሊዮኖችን፣ አንዳንዶቹንም ለሳምንታት፣ በጨለማና በብርድ አስቀርቶ ነበር። ተመራማሪዎች በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበሩትን ተከታትለው በማዕበሉ የባሰ መከራ የደረሰባቸው እናቶች ልጆች በአምስት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ይበልጥ ለውፍረት የተጋለጡ መሆናቸውን ዘግበዋል። ስለ ግንደ ህዋሱም ቢሆን በአሜሪካ ኮሎራዶ ከተወለዱ ሕፃናት እትብት የተወሰዱ ሜሰንካይማል ህዋሶች በሳህን ላይ ሲያድጉ ውፍረት ከነበራቸው እናቶች የተገኙት ይበልጥ ስብ አከማችተዋል፤ ይህ የታተመው በ2016 ነው። እዚያ የተጠናው የእናት ውፍረት እንጂ ውጥረት አይደለም። ሆኖም የማሕፀን ሁኔታ በህዋሱ ላይ ተጽፎ እንደሚወጣ ያሳየናል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይነካናል። በጎንደር ዙሪያ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን የገጠር ስኳር ሕመምተኞች ያጠኑ ሐኪሞች በ2010 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት በሽታው ከድህነትና ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በጅማም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃናት እንደተወለዱ የስባቸውና የቀሪው አካላቸው መጠን በልዩ መሣሪያ እየተለካ ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ስኳር «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶታል። የሃምሳና የመቶ ዓመት የበለጸጉ አገሮች ታሪክ አይደለም የምናወራው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተፀነሱ ሰዎች ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ወላጆቻችን ናቸው።

ስህተቴ የት ላይ ነበር?

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ እህቴ ጥያቄ ተመለስኩ። «እኔ ነኛ ያሳመምኳት?» ሦስት ስህተት መሥራቴ ገባኝ።

አንደኛ፣ የብዙ ሰው ጥናትን የአንድ ሰው ፍርድ አደረግሁት። የኩቤኩ ጥናት የሚለው በመከራው የተጎዱ እናቶች ልጆች በአማካይ ይበልጥ ይወፍራሉ ነው። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው። ምንም መከራ ያልደረሰባቸው እናቶች ልጆችም ይወፍራሉ። ስለዚህ አንዲት የተወሰነች ልጅ ፊታችን ቀርባ «የዚች መንስኤው ያ ስልክ ነው» የሚል ሰው፣ አያትም ሆነ የባዮሎጂ ተማሪ፣ የማያውቀውን ነገር እየተናገረ ነው። በተጨማሪም ውጥረት ብቻውን አይመጣም። ከረሃብ፣ ከድህነት፣ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣ። እናትና ልጅ ጂንም ይጋራሉ። በሰው ላይ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት እንደ አይጦቹ አንድ ዓይነት የማይሆነው። ይህን ለማለት ደግሞ ሁሉም የልጅነት ስኳር አንድ አይደለም። በዓይነት 1 ስኳር የሰውነት መከላከያ የገዛ ቤታ ህዋሶቹን ነው የሚያጠፋው፤ የእህቴ ልጅ ችግር ከዚያ ይለያል።

ሁለተኛ፣ ታሪኩን መሀል ላይ ነው የጀመርኩት። ልጅቷ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆና ስትወለድ ሁላችንም ደነገጥን። «ትሙላ፣ ትወፍር» ብለን ተረባረብን። ቅቤው፣ ብስኩቱ፣ የታሸገው ጭማቂ፣ ለስላሳው! እኔ ራሴ ከካምፓስ በመጣሁ ቁጥር ከረሜላና ቸኮሌት ይዤ ነው የምገባው። ሄልስና ባርከር የተባሉ እንግሊዛውያን በ1992 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ፣ በማሕፀን እጥረት የለመደ ፅንስ ሰውነቱን ለእጥረት ያዘጋጃል፤ ችግሩ የሚመጣው ተወልዶ ጥጋብ ሲጠብቀው ነው። በርካታ ጥናቶችም ትንሽ ሆኖ ተወልዶ በኋላ ፈጥኖ መወፈር ለስኳርና ለደም ግፊት እንደሚያጋልጥ ያሳያሉ። እንግዲህ ዕዳ ይቆጠር ከተባለ የእኔም ከረሜላ ይቆጠራል። የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ የልጆች መጫወቻ ታስቦ የነበረው ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ እሱም ይቆጠራል።

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተቴ፣ ውጥረትን የእናትየዋ ጥፋት አድርጌ መቁጠሬ ነው። አባቷ ሲሞት ያላለቀሰች ልጅ ማን ናት? ኮርቲሶል እኮ ባሕርይ አይደለም፤ ለደረሰ ነገር የሚሰጥ ምላሽ ነው። የደረሰውን ነገር ያደረሰው ደግሞ እናትየዋ አይደለችም። በሆላንድ ምግብ የከለከለው ጦር ነው። በኩቤክ በረዶ ነው። በእኛ ቤት ሞት ነው፣ ከሞቱም ይልቅ ሳይጠነቀቅ የደወለ ሰው ነው። በሌላ ቤት መፈናቀል ነው፣ ዱላ ነው፣ ወይም ሰባት ወር ሆኗት ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣው ዳገት ነው። «አትጨነቂ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። የሚያስጨንቃትን ማንሳት ነው ሥራው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ረቂቅ አይተው «አንተ ሁሉን ከደሙ ንጹሕ ልታደርግ ነው እንዴ? ልጅቷ ትብላ አትብላ የሚወስነው ቤተሰቡ አይደለም?» ብለውኛል። አዎ፣ ቤተሰብ ድርሻ አለው፤ እኔም የራሴን ድርሻ ከላይ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ጥፋተኛ ነሽ የተባለች እናት ልጇን ወደ ሐኪም ቤት ለመመለስ ታፍራለች እንጂ አትበረታም። እህቴ ከዚያ ምሽት በኋላ የልጅቷን ቀጠሮ አንድ ጊዜ አሳልፋለች። ለምን ብላት «እዚያም ሄጄ ይሄንኑ እንዲነግሩኝ ነው?» አለችኝ። የእኔ ግማሽ ሳይንስ ያመጣው ውጤት ይህ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ስለ ራሳችን ትምህርት ክፍል ልናገር። መምህራኖቻችን እንዳይቀየሙኝ እንጂ ሆርሞንን ለብቻ፣ ግንደ ህዋስን ለብቻ፣ ሥነ-ምግብን ደግሞ የሌላ ትምህርት ክፍል ሥራ አድርጎ ማስተማር ተማሪውን እንደ እኔ ዓይነት ግማሽ አዋቂ ያደርገዋል። በሦስተኛ ዓመት ቢያንስ አንድ ሴሚናር ሁለቱን ኮርሶች አገናኝቶ ቢሰጥ፣ በዚያም ላይ «የብዙ ሰው አማካይ የአንድን ሰው መንስኤ አይናገርም» የሚለው የስታቲስቲክስ ትምህርት ቢጨመር እላለሁ። ብዙዎቻችን ተመርቀን አስተማሪ ነው የምንሆነው። የምንናገረው ነገር ሰው ቤት ይገባል።

ሁለተኛ፣ የራሳችንን ወግ አንናቀው። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፣ አታስደንግጧት፣ ያማራትን ስጧት የሚሉት ልማዶች የኮርቲሶል ስም ከመታወቁ በፊት ሥራቸውን ሲሠሩ ኖረዋል። እነዚህን «ኋላ ቀር» ብለን ከመጣል ይልቅ እናስፋቸው። መርዶ ከተሸሸገላት ጀሪካኑስ ለምን ይጫንባታል? አምሮቷ ከተጠየቀ ዱላውስ ለምን ዝም ይባላል?

ሦስተኛ፣ ሕግና መርሐ ግብር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነክፍያው ሰጥቷል። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ነፍሰ ጡሮች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ የሚል አሠራር አለው። መልካም ጅምር ነው። ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋን፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋንና የገበሬ ሚስትን ግን የደመወዝ ፈቃድ አይደርሳቸውም። ሳይንሱ የሚለው እውነት ከሆነ ለእነዚህ እናቶች የሚወጣ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለስኳርና ለኩላሊት ሕክምና ከሚወጣው ላይ የሚቆጠብ ነው።

አራተኛ፣ የተወለደ ልጅ ያለቀለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ የታተመ የታወቀ ጥናት በብዛት የሚልሷቸውና የሚያሻሿቸው እናት አይጦች ያሳደጓቸው ግልገሎች ለውጥረት ሆርሞን ያላቸው ምላሽ የተረጋጋ እንደሚሆን አሳይቷል። ግልገሉን ሌላ እናት ብታሳድገውም ውጤቱ አሳዳጊዋን ነው የሚከተል። ምልክቱም በመድኃኒት ሊመለስ ችሏል። በማሕፀን የተጻፈው በድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም ማለት ነው። ለልጅ ውኃ በለስላሳ ፈንታ፣ በቂ እንቅልፍ፣ ሩጫ፣ ጩኸት የሌለበት ቤት፤ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም የህዋስ ቁጥር ላይ ለውጥ ያመጣሉ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ!

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት እህቴ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ስህተት ነበር። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሐዘን ነው የደረሰብሽ፣ አንቺም ልጅቷም አብራችሁ ነው የተጎዳችሁት። ከማናችንም በላይ የለፋሽላት ደግሞ አንቺ ነሽ» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አሁን እሱን ተወውና ስትመጣ ከረሜላህን ትተህ የመዝለያ ገመድ ይዘህላት ና። የጎረቤት ልጆች ጋ ስትዘል አይቻታለሁ፤ ወዳዋለች። ቀጠሮዋም ማክሰኞ ነው።»

ገመዱን ገዝቻለሁ። ቸር ይግጠመን።